አባቴን ላሳክም ባንኮክ ስሄድ ከተማዋን እንዴት ልያት?

ጥያቄው፦ «አባቴን ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ወደ ባንኮክ ልወስደው ነው። ሦስት ሳምንት እንቆያለን። ወንድሜም አብሮን ስላለ በተራ ነው የምናስታምመው፤ ስለዚህ ነፃ የምሆንባቸው ቀናት ይኖሩኛል። የምናርፈው ናና የሚባለው ሰፈር ነው። ታይኛ አልችልም። ብሬን ለታክሲ ሳልጨርስ ከተማዋን በእግሬና በሕዝብ ትራንስፖርት ማየት እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?»

እህቴ፣ በቅድሚያ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። እኔ ባንኮክ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። የተማርኩት የትራንስፖርት ምህንድስና ነው፤ እዚያው ሠርቼበታለሁ። ለሕክምና የሚመጡ የአገሬን ሰዎችም ብዙ ጊዜ ተቀብያለሁ። አብዛኞቹ ከተማዋን ሳያዩ ነው የሚመለሱት። ከሆቴል ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል የገበያ አዳራሽ፣ ከዚያ አውሮፕላን። ይሄ ሁሌም ይቆጨኛል። ባንኮክ እኮ በትንሽ ገንዘብ፣ ያለ አስጎብኚ፣ ያለ ቋንቋ የምትታይ ከተማ ናት። አሠራሯን ቀድሞ ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ከአሠራሯ ልጀምር።

ባንኮክ ድሮ የውሃ ከተማ ነበረች። ሰውም ዕቃም የሚሄደው በወንዝና በቦይ ነበር። የመጀመሪያው ዘመናዊ መንገድ፣ ቻሮን ክሩንግ፣ የተሠራው በ1860ዎቹ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦዮች እየተደፈኑ መንገድ ሆኑ። በመካከላቸው የነበረው የሩዝ ማሳና የፍራፍሬ እርሻ ደግሞ እየተሸነሸነ ተሸጠ። ባለመሬቱም ከዋናው መንገድ ወደ መሬቱ የምታስገባ ቀጭን መንገድ አወጣ። ይህች ቀጭን መንገድ ሶይ ትባላለች። ብዙዎቹ ሶዮች ረጃጅም ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ግን መውጫ የላቸውም። አንዱ ከጎረቤቱ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ በየሶዩ ውስጥ ያለው መኪና ሁሉ የሚፈሰው ወደ አንድ ዋና መንገድ ነው። ያ የታወቀው የባንኮክ መጨናነቅ በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

እግረኛም በዚሁ ይቸገራል። በመጀመሪያው ወር ጓደኛዬ ቤት ልሄድ ካርታ አየሁ። በቀጥታ ቢለካ 200 ሜትር አይሞላም። ሶዩን ይዤ ገባሁ። መጨረሻው የግንብ አጥር ሆነ። የጓደኛዬ ሕንጻ ከአጥሩ ማዶ ነው። በረንዳው ላይ ያሰጣውን ልብስ ሳይቀር አየዋለሁ። ለመድረስ ግን ወደ ዋናው መንገድ ተመልሼ፣ ወርጄ፣ በሌላ ሶይ መግባት ነበረብኝ። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሸሚዜ ከላዬ ላይ ተጣብቆ ደረስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት ደንብ ይሄ ነው፣ ላንቺም እሱን እሰጥሻለሁ። ሩቁን በባቡር ወይም በጀልባ ሂጂ። እግርሽን ለመጨረሻው አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር አስቀምጪው፤ እሱንም በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ። በቀትር በዋና መንገድ ዳር «ቅርብ ነው» ብለሽ አትነሺ። ድሬዳዋን የምታውቂ ከሆነ ፀሐዩን ትገምቺዋለሽ፤ እዚህ ግን ወበቁ ይጨመርበታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በለመደው አረማመድ ከሄደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዝላል። ውሃ ያዢ። በየመንገዱ ያሉት ሰቨን ኢለቨን ሱቆች ቀዝቃዛ ናቸው፤ ገባ ብለሽ ትንሽ አረፍ ብትዪ ማንም ምንም አይልሽም። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ የምትሄጂው ዕድለኛ ነሽ። ሚያዝያ እሳት ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከሰዓት በኋላ ይዘንባል።

ሌላ ሳልረሳው፤ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። እኛ ስንሻገር ቀድመን የምናየው ወደ ግራ ነው፤ እዚያ ቀድመሽ ወደ ቀኝ ተመልከቺ። ይሄን እስክትለምጂ በእግረኛ ድልድይ ተሻገሪ። ሞተር ሳይክል እግረኛ መንገድ ላይም ይወጣልና ጆሮሽን ክፍት አድርጊ።

አሁን ወደ መጓጓዣው። ስትገቡ አባትሽ አሉ፣ ሻንጣም አለ። ስለዚህ ያን ቀን ታክሲ ያዙ። ሱቫርናብሁሚ ተብሎ የሚጻፈው አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠራ «ሱዋናፑም» ነው። እዚያ በቆጣሪ የሚሠሩ ታክሲዎች ተራ ይዘው ይቆማሉ። ከማሽኑ ወረቀት ትወስጃለሽ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጋ ሄደሽ ትሳፈሪያለሽ። ቆጣሪው በሚለው ላይ 50 ባት (ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው) የማረፊያው ክፍያ ይጨመራል፣ የክፍያ መንገድ ከተያዘ እሱም ላንቺ ነው። (ከኢትዮጵያ ለሚነሳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ደግሞ ከመብረር በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ቅጽ አለ። ሁለቱንም ቀድማችሁ ጨርሱ።)

ወንድምሽ ለብቻው ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ግን ባቡር ይያዝ። የማረፊያው ባቡር ከሕንጻው ምድር ቤት ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሄዶ ፓያ ታይ ይደርሳል፣ ዋጋው እስከ 45 ባት ነው። ከፓያ ታይ ወደ ላይኛው ባቡር ወጥቶ አምስተኛው ጣቢያ ናና ነው። መቀየር የለም።

«ላይኛው ባቡር» ያልኩሽ ቢቲኤስ ይባላል። ከ1999 ጀምሮ በዋና መንገዶች አናት ላይ በተሠራ ድልድይ ይሄዳል። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ያየ ሰው አይደነግጥም፤ የዚህኛው ግን መንገዱ ሁሉ ከመኪናው በላይ ነው። የምድር ውስጡ ደግሞ ኤምአርቲ ነው፣ በ2004 ሥራ ጀመረ። ሁለቱ የተለያየ ድርጅት ናቸው። ስለዚህ ትኬቱም ይለያል። ለቢቲኤስ ካርድ ይሰጥሻል፣ ለኤምአርቲ ሳንቲም የመሰለ ጥቁር ክብ ፕላስቲክ። ስትገቢ ታስነኪዋለሽ፣ ስትወጪ ማሽኑ ይውጠዋል። ሁለቱም ከ17 ባት ይጀምሩና እንደ ርቀቱ ይጨምራሉ። ኤምአርቲ ላይ የባንክ ካርድ አስነክቶ መግባትም ይቻላል። ለቢቲኤስ ራቢት የሚባለውን ካርድ አውጪ፤ ፓስፖርት ይጠይቁሻል፤ ከዚያ በኋላ ሰልፍ የለብሽም።

የሚያደናግረው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ባቡሮች የሚገናኙበት ቦታ በአብዛኛው ሁለት ስም አለው። ላይ አሶክ የሚባለው ታች ሱኩምቪት ነው። ላይ ሳላ ዴንግ፣ ታች ሲ ሎም። ላይ ሞ ቺት፣ ታች ቻቱቻክ ፓርክ። ካርታ ላይ ስታዪው የተለያየ ሰፈር ይመስላል፤ ግን ደረጃ ወርደሽ የምትደርሺበት ነው። እነዚህን ሦስቱን ስልክሽ ላይ ጻፊያቸው።

ናና ያለው ሱኩምቪት መንገድ ላይ ነው። የሱኩምቪት ሶዮች ጎዶሎ ቁጥሮቹ በሰሜን በኩል፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በደቡብ በኩል ናቸው። ቁጥሩ ግን በሁለቱም በኩል እኩል አይሄድም። ለምሳሌ የሶይ 55 ፊት ለፊት ያለው ሶይ 38 ነው። «ሶይ 39 ከሆንኩ 40 ማዶ ነው» ብለሽ አታስቢ። እናንተ የምትውሉት ሶይ 3 ዙሪያ ይሆናል። ብዙ የአገራችን ሰው የሚታከምበት ቡምሩንግራድ ሆስፒታልም እዚያው ሶይ 3 ነው። ከጎኑ ሶይ 3/1 የዓረቦች መንደር ነው፤ ሐላል ምግብ፣ የዓረብኛ ጽሑፍ፣ የሺሻ ሽታ። አካባቢው ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ስለማይጠፋ አባትሽ እንጀራ ሲናፍቃቸው ጠይቂ። በደቡብ በኩል ያለው ሶይ 4 ደግሞ ማታ ማታ የመጠጥ ቤትና የሴተኛ አዳሪ ሰፈር ነው። ከተማዋ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት ሰላማዊ ናት፣ እኔ የምመሰክረው ነው። ሆኖም ማታ ከናና ጣቢያ ስትወርጂ የሶይ 3 ምልክት ያለበትን ደረጃ ያዢ፤ ከማይሆን ሰው ጥያቄ ትገላገያለሽ።

አሁን ዋናው ላይ ልምጣ። የመጀመሪያ ነፃ ቀንሽን ለቦዩ ስጪው።

ሶይ 3ን ይዘሽ ወደ ሰሜን፣ ሆስፒታሉን አልፈሽ ትንሽ ሂጂ። ድልድይ ታገኛለሽ። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ጠቆር ያለ ውሃ ሴን ሴፕ የሚባለው ቦይ ነው። መቆፈር የጀመረው በ1837 ነው፤ ወደ ምሥራቅ ጦር ለማጓጓዝ። ዛሬ ሠራተኛውና ተማሪው የሚመላለስበት ጀልባ አለ። 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ብዙ ቱሪስት አይሳፈርበትም። ከዋና መንገዱ 50 ደቂቃ የሚፈጀውን በ15 ደቂቃ ያደርስሻል፤ ቦይ ላይ የትራፊክ መብራት የለም፣ መጋጠሚያ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሂጂ፤ በሥራ ቀን ጠዋት በጣም ይጨናነቃል። ናና ኑዋ የሚለው መሳፈሪያ ላይ ቆመሽ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ጠብቂ። ለረዳቱ «ፓን ፋ» ብለሽ ከጠየቅሽ በእጁ ያሳይሻል። ጀልባው እንደ ደረሰ በደንብ አይቆምም። ገመዱን አንድ ጊዜ ጠምጠም ያደርጋሉ፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይወጣል፣ ሄደ። ከአምስትና ስድስት ሰከንድ አይበልጥም። ስለዚህ ከፊት ያለችው ሴትዮ የምታደርገውን አድርጊ። የተዘረጋውን ገመድ ያዢ፣ የጀልባው ጠርዝ ላይ እርገጪ፣ ወደ ውስጥ ውረጂ፣ ወዲያው ተቀመጪ። አባትሽን እዚህ ላይ አትሞክሪያቸው፣ ፈጽሞ።

ከተቀመጥሽ በኋላ ከጎንሽ ገመድ ታያለሽ። ገመዱ የፕላስቲክ መጋረጃውን ከፍ የሚያደርግ ነው። ሌላ ጀልባ በተቃራኒ ሲመጣ ዳር የተቀመጠው ሰው ገመዱን ይስባል። ውሃው ንጹሕ ስላልሆነ እንዳይረጨን ነው። ዳር ከተቀመጥሽ ይህ ሥራ ያንቺ ነው፤ ከኋላሽ ያሉት ሁሉ ባንቺ ይተማመናሉ። ረዳቷ ደግሞ የራስ ቁር አድርጋ፣ ከውጭ በኩል በጠርዙ ላይ እየሄደች፣ በአንድ እጇ ገመድ ይዛ በሌላው ገንዘብ ትሰበስባለች። ድልድይ ሲመጣ ጎንበስ ትላለች። የጀልባው ጣሪያም ዝቅ ይላል። ዝርዝር ሳንቲም ይዘሽ ግቢ፤ ሃያ ባት ገደማ ይበቃሻል።

ፕራቱናም ላይ ጀልባ ይቀየራል። ሁሉም ሰው ሲወርድ ውረጂና ፊት ለፊት ያለውን ያዢ፣ ትኬትሽን አትጣዪ። ፕራቱናም አዲስ አበባ ቡቲኮች ውስጥ «የታይላንድ ልብስ» የሚባለው በብዛት የሚገዛበት ገበያ ነው። ነጋዴ ዘመድ ካለሽ ስሙን ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ የምታልፊው ባን ክሩዋ ነው፤ የቻም ሙስሊሞች የሐር ሸማኔ መንደር። ጂም ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ የታይላንድን ሐር በዓለም ያሳወቀው እዚህ ካሉ ሸማኔዎች ጋር ሠርቶ ነው። ቤቱ ከቦዩ ማዶ ነበር፤ አሁን ሙዚየም ነው። ሰውየው በ1967 ማሌዢያ ውስጥ ለሽርሽር እንደወጣ ቀረ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በመንደሩ ጠባብ መንገድ ውስጥ አሁንም የሽመና መሣሪያ ድምፅ የሚሰማባቸው ቤቶች አሉ። እኔ በሸማኔ መንደር ያደግኩ ስለሆንኩ ያ ድምፅ ሆዴን ያባባዋል። ጊዜ ካለሽ በሌላ ቀን ተመለሺበት።

መጨረሻው ፓን ፋ ነው። ከጀልባው ስትወጪ ወርቃማ ጉልላት ያለው ኮረብታ ቀና ብለሽ ታያለሽ። ወርቃማው ተራራ ይሉታል፤ ባንኮክ ግን ተራራ የላትም። ሰው የሠራው ነው። በዚህ ቦታ ትልቅ ሐውልተ ቤተ መቅደስ ተጀምሮ ለስላሳው መሬት አልሸከምም ብሎ ፈረሰ። ፍርስራሹ ኮረብታ ሆነ፣ ኋላ ላይ አናቱ ላይ አሁን የሚታየው ተሠራ። ከ300 በላይ ደረጃ አለው፤ ግን ዙሪያውን እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ አይከብድም። መንገዱ ላይ በተራ የተሰቀሉ ደወሎች አሉ። ከላይ ሆነሽ ወደ ምዕራብ ስታዪ የድሮው ከተማ ዝቅ ዝቅ ያለ የቆርቆሮና የሸክላ ጣሪያ ነው። ወደ ምሥራቅ ስትዞሪ የመጣሽበት ሰፈር ፎቅ በፎቅ ነው። ከተማዋ እንዴት እንዳደገች በአንድ ዙር ታያለሽ።

ከዚያ የሚቀረው በእግር ነው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ። ድልድዩን ተሻግረሽ ሎሃ ፕራሳት ጋ ሂጂ፤ 37 የብረት ጉልላት ያለው ቤተ መቅደስ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ትልቁ ቀይ ዥዋዥዌ ጋ ትደርሻለሽ፤ ሁለት ግዙፍ ምሰሶ ነው የሚታየው። በዚያ አካባቢ ያለው ጎዳና ግራና ቀኝ የቡድሃ ሐውልት የሚሸጥበት ነው። ከሰው የሚበልጡ፣ በወርቅ ቀለም የተለበጡ፣ በቢጫ ፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሐውልቶች ፀሐይ ላይ ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። ትንሽ ወረድ ስትዪ ሳም ዮት የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። ገብተሽ ስምንት ጣቢያ ከሄድሽ ሱኩምቪት ነሽ። ይህን ቀን ከሙዚየምና ከገበያ አዳራሽ ሁሉ አስበልጥልሻለሁ።

ሁለተኛው ቀን የወንዙ ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ጀምሪው። በምድር ባቡር ሳናም ቻይ ውረጂ። ጣቢያው ራሱ እንደ ቤተ መንግሥት አዳራሽ የተሠራ ነው። ከላዩ ዋት ፖ አለ («ዋት» ቤተ መቅደስ ማለት ነው)፤ 46 ሜትር የሚረዝመው የተጋደመ ቡድሃ ያለበት። ለውጭ ዜጋ 300 ባት ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥትም ቅርብ ነው፣ እሱ 500 ባት ነው፤ ልታዪው ከፈለግሽ ግን በጠዋት ይሻላል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ነጠላ ጣል አድርጌ እገባለሁ እንዳትዪ፤ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ በልብስ ላይ የተደረበ ሻሽ አይቀበሉም፣ እጅጌ ያለው ልበሺ። መንገድ ላይ አንድ ትሑት ሰው ቀርቦ «ዛሬ ዝግ ነው፣ በባለ ሦስት እግር ሌላ ቦታ ላሳይሽ» ካለሽ ፈገግ ብለሽ እለፊው። የሚወስድሽ ጌጣጌጥ ሱቅ ነው።

ከዋት ፖ ጀርባ ታ ቲየን የሚባል መሳፈሪያ አለ። በ5 ባት ወንዙን ትሻገሪያለሽ። ማዶ ዋት አሩን ነው። ሁሉም ሰው እሱን አይቶ በዚያው ጀልባ ይመለሳል። አንቺ አትመለሺ። ወንዙን በግራሽ አድርገሽ ወደ ደቡብ ሂጂ። አንድ ቦይ ተሻግረሽ ዋት ካላያናሚት የሚባለው ቤተ መቅደስ ትደርሻለሽ። ከእሱ ጀምሮ ውሃው ዳር ለዳር ለእግረኛ ብቻ የተሠራ መንገድ አለ። ወደ ውስጥ ገባ ያለው መንደር ኩዲ ቺን ይባላል።

የድሮዋ ዋና ከተማ አዩታያ በ1767 ከወደመች በኋላ ንጉሥ ታክሲን አብረውት ለተዋጉ ፖርቱጋሎች እዚህ መሬት ሰጣቸው። እኛም አገር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው፤ እዚህ ግን ዘራቸው እስካሁን በአንድ መንደር ይኖራል። መልካቸው ታይ ሆኗል፣ ሃይማኖታቸው ካቶሊክ ነው። ሳንታ ክሩዝ የሚባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ከወንዙ ይታያል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉት መንገዶች ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። በሩ ላይ የማርያም ሥዕል የለጠፈ ቤት፣ ቀጥሎ የቻይና ጸሎት ቤት፣ ወረድ ብሎ መስጊድ። ኬክ የሚጋግሩ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። በዳክዬ እንቁላል፣ ዱቄትና ስኳር ብቻ የሚሠራ ነው፣ እርሾ የለውም፤ አናቱ ላይ ዘቢብ ያደርጉበታል። በሩ ላይ ቆመሽ ትኩሱን በከረጢት ግዢ። ከላይ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ እንደ ድፎ ለስላሳ ነው።

ከዚያ መንገዱ ወደ ድልድዮቹ ያወጣሻል። ከፕራ ፖክላዎ ድልድይ መሃል ላይ አንድ የእግረኛ መናፈሻ አለ። ተጀምሮ የቀረ የባቡር መስመር ቅሪት ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀመጥ ኖሮ በ2020 ዛፍና መቀመጫ ተደርጎበት ለእግረኛ ተከፈተ። ለሙያዬ ቅርብ ስለሆነ እዚህ ቦታ ላይ ስቆም ደስ ይለኛል። ፀሐይ ስትገባ ከዚህ ላይ እዪ። ከዚያ ማዶ ወርደሽ የአበባ ገበያው ነው፣ ፓክ ክሎንግ ታላት። አመሻሽ ላይ ነው የሚሞቀው። አደይ የመሰለ ቢጫ አበባ በኩንታል ይወርዳል። ሴቶች ተቀምጠው ለቤተ መቅደስ የሚሆን ጉንጉን በመርፌ ይሰካሉ፣ እጃቸውን እያየሽ አይደረስበትም። ሳናም ቻይ ጣቢያ ከዚያ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ሌላውን በአጭሩ። የቻይና ሰፈር ያዋራት ማታ ይሻላል፣ ጣቢያው ዋት ማንግኮን ነው፣ ተርበሽ ሂጂ። ቻቱቻክ ገበያ ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ሞ ቺት ውረጂ፣ ከቀትር በፊት ጨርሺ። አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ቁጥሩን ጉግል ማፕ ይነግርሻል፤ ግን መጨናነቁ ውስጥ ስለሚቆም ለሦስት ሳምንት እንግዳ አልመክርም። በየሶዩ አፍ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው የሚቆሙት የሞተር ታክሲዎች ረጅሙን ሶይ ለመጨረስ ጥሩ ናቸው፤ የራስ ቁር ካልሰጡሽ አትውጪ። እንደኛው ራይድና ፈረስ የሚሠሩ ግራብና ቦልት አሉ፣ ዝናብ ሲይዝሽ ይጠቅሙሻል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ አንድ ቃል ያዢ፦ «ጄ»። ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት በየምግብ ቤቱ ታያለሽ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት ማለት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። «አትክልት» ብለሽ ብታዢ ግን የዓሣ መረቅ ይጨምሩበታል፣ ለእነሱ ቅመም ነው። «ጄ» በዪ፣ ይገባቸዋል።

ሰዓት ላይ ደግሞ የሚያስደስትሽ ነገር አለ። ታዮች በንግግር የምሽቱን ሰዓት እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። ፈረንጅ 8 የሚለውን እነሱ «ሶንግ ቱም» ይላሉ፤ «ሶንግ» ሁለት ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት! የአገራችን ሰው ይሄን ስነግረው አያምነኝም። ዓመታቸው ግን እንደኛ ወደ ኋላ ሳይሆን ከፈረንጅ 543 ወደ ፊት ነው፤ ደረሰኝ ላይ 2568 ብታዪ ለ2025 ነው። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ጣቢያና መናፈሻ ውስጥ የሕዝብ መዝሙር ይሰማል። ሁሉም ባለበት ይቆማል። አንቺም ቁሚ።

አባትሽን በተመለከተ። ባቡር ጣቢያዎቹ አሳንሰር አላቸው፤ ነገር ግን በሁሉም መውጫ አይደለም። ጥበቃው ጋ ሄደሽ ምርኩዛቸውን ብታሳዪው ይወስዳችኋል። ሐኪማቸው ተራመዱ ሲላቸው ቤንጃኪቲ መናፈሻ ውሰጃቸው፤ በምድር ባቡር ከሱኩምቪት አንድ ጣቢያ ነው፣ ንግሥት ሲሪኪት የሚለው። የትምባሆ ፋብሪካ የነበረ መሬት ነው፣ በ2022 ሰው ሠራሽ ደንና ረግረግ ሆኖ ተከፈተ። ከውሃው በላይ ደረጃ የሌለው ሰፊ የእግር መንገድ ተዘርግቶበታል። ጎህ ሲቀድ ብትደርሱ ይመረጣል። ከሳር ውስጥ አርጃኖ ብቅ ቢል አትደንግጡ፣ ሰው አይነካም።

በመጨረሻው ሳምንት፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ትልቁን የወንዝ ጀልባ አሳፍሪያቸው። ይሄ እንደ ቦዩ አይደለም፤ ሰፊ ነው፣ ቆም ብሎ ይጭናል። በቢቲኤስ ሳፓን ታክሲን ወርዳችሁ ሳቶን መሳፈሪያ ሂዱ። ወደ ቱሪስት ጀልባ ሊመሩሽ ይሞክራሉ፤ አንቺ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን ጠብቂ። የትም ብትወርዱ 16 ባት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነሱ። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ በፉጨት ነው ካፒቴኑን የሚያዝዘው፤ አንዱ ፉጨት ቅረብ፣ ሌላው ቁም፣ ሌላው ሂድ። አባትሽ ሁለትና ሦስት መሳፈሪያ እንዳለፉ ፉጨቱን ለይተው ያውቁታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄዳችሁ ኖንታቡሪ ትደርሳላችሁ። የሰዓት ማማው ጋ፣ ከድሮው የእንጨት ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ቡና ጠጡ። የመጨረሻው ጀልባ እንዳያመልጣችሁ ከ11 ሰዓት በፊት ተመለሱ። ስትመለሱ በቀኝ በኩል ያለውን መቀመጫ ያዢላቸው፤ ዋት አሩን ፀሐይዋን ከኋላው አድርጎ የሚታየው በዚያ በኩል ነው።